ከብሩ በፊት ደብተሩን ጠይቁ

ልጄ፣

«ሠርጉ ለከርሞ ጥር ነው፤ በወር ስንት ብናስቀምጥ ይበቃናል?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። አንቺ ደባርቅ ሆቴል ውስጥ ወር ጠብቀሽ ደመወዝ ትቀበያለሽ። እጮኛሽ ቱሪስት ሲገኝ በቅሎ ጭኖ በሳንቃበርና በጨነቅ አድርጎ፣ ቧሂትን ተሻግሮ አምቢኮ ይወርዳል፤ ሳይገኝ ከአባቱ ጋር ገብስ ያርሳል። እንዲህ ያለ ገቢ በወር ሒሳብ አይያዝም። የወሩን ነገር ተዪውና በቅደም ተከተል ላውጋሽ።

1. ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የሁለቱንም ወላጆች ደብተር አስወጡ።

እናትሽ ዕድሜዋን ሁሉ ሰው ሠርግ ባዶ እጇን ሄዳ አታውቅም። አንዱ ቤት ጠላ በእንስራ፣ ሌላው ቤት እንጀራ በሌማት፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ብር በፖስታ ይዛ ነው የሄደችው። ዳሱ በር ላይ ደብተር ይዞ የተቀመጠው ልጅም ስሟን ከነመጠኑ ጽፎታል። ስጦታ የሚባለው ለወጉ ነው እንጂ ብድር ነው። በእኛ አገር ሠርግን የሚከፍለው የሙሽሮቹ ደመወዝ ሆኖ አያውቅም፤ ወላጆች ሃያ ዓመት ሙሉ በየሰው ዳስ ያስቀመጡት ነው ተመልሶ የሚመጣው። የዛሬ ልጆች ይህን ሳትጠይቁ ከባዶ ትጀምሩና ገና ሳታገቡ ትደክማላችሁ።

እናትሽን አስቀምጪና በሦስት ረድፍ ጻፊ፦ ለማን ብር ሰጠች፣ ለማን እህልና መጠጥ ወሰደች፣ ለማን ጉልበቷን አዋሰች። የእሱም እናት እንዲሁ። ያልተጻፈውን አትናቂ፤ የእኛ ዘመን ሴቶች ደብተራችን ጭንቅላታችን ውስጥ ነው፣ የማን ሠርግ ላይ ስንት ቀን እንደጋገርን አንረሳም። ከሦስቱ ረድፍ ደግሞ ትልቁን ቦታ ለሦስተኛው ስጪ። ከ10 ዓመት በፊት የተሰጠ 100 ብር ዛሬ በ100 ቢመለስ ምንም አይገዛም፤ የሰው ይሉኝታ ካልጨመረበት በቀር ብሩ ረክሷል። የሦስት ቀን ጋገራ ግን ዛሬም የሦስት ቀን ጋገራ ነው። ብቅል የምታበቅል፣ ጌሾ የምትወቅጥ፣ ሽንኩርት የምትከትፍ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ ዳስ የሚጥል፤ እነዚህን በገንዘብ ብትቀጥሩ የድግሱን ግማሽ ይበሏችኋል።

ስለዚህ አዳራሽ ተከራይታችሁ ምግቡን ለሆቴል አዝዛችሁ ልትደግሱ ያሰባችሁ እንደሆነ ይህን እወቁ፦ ጉልበት የተበደረችው ጎረቤት ብድሯን የምትመልስበት ምድጃ አታገኝም። የእናትሽ የሃያ ዓመት ድካም እንዲሁ ይቀራል፤ እናንተም ለባለሆቴሉ ጥሬ ብር ትከፍላላችሁ። ዳስ ጣሉ። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ሳህኑ ለአባል በትንሽ ኪራይ ከእድሩ ይገኛል።

2. ቀኑን ስትቆርጡ ጾሙንም ገበያውንም እዩ።

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው ጊዜ በየዓመቱ እኩል አይደለም። ጾመ ነነዌ ከጥር 17 እስከ የካቲት 21 ባለው ጊዜ ውስጥ ትወድቃለች፤ ዐቢይ ጾምም ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ውስጥ ይገባል። ጾሙ በቶሎ በሚገባበት ዓመት የአገሩ ሠርገኛ ሁሉ በጥቂት እሑዶች ላይ ይደራረባል፤ የበሬ ዋጋ፣ የመኪናው፣ የቪዲዮ አንሺው ክፍያ ሁሉ አብሮ ይሰቀላል። ጾሙ በሚዘገይበት ዓመት ግን የካቲትም ለሠርግ ክፍት ነው፣ ትንፋሽ ታገኛላችሁ። የከርሞውን ባሕረ ሐሳብ ቄሱን ጠይቁና ቀኑን ከዚያ በኋላ ቁረጡ።

ሚያዝያስ ካላችሁ፣ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ይበላልና ሠርጉን ማክሰኞም ረቡዕም ማድረግ ይቻላል፤ እሑድን ከሌላው ጋር መሻማት ቀረ ማለት ነው። ለእሱ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። ቱሪስት የሚበዛው ከጥቅምት እስከ የካቲት ነው፤ ጥር ላይ ሙሽራ ሆኖ ቤት ከተቀመጠ ተራው ለሌላ በቅሎ ጫኝ ያልፋል፣ የዓመቱን ደህና ገቢ ያጣል። ሚያዝያ ከሆነ ግን ሠርቶ፣ ቲፑን ሰብስቦ ይመጣል። እኔን ብትጠይቂኝ፣ ፋሲካው ካልዘገየ ሚያዝያን እመርጥላችኋለሁ። ግንቦት ከገባ ግን አሮጊቶቹ «በግንቦት አይጋባም» ብለው እሺ አይሉሽም፤ ከእነሱ ጋር ክርክር አትግጠሚ።

3. የድግሱንና የጎጆውን ገንዘብ ለዩ። አልጋ፣ ምጣድ፣ የቤት ኪራይ፣ የመጀመሪያው ዓመት ዘር የሚወጣበት ገንዘብ በሌላ ሒሳብ ይቀመጥ፤ ሠርጉ ቢጎድልም አይነካ። ከሁለታችሁ ኪስ የሚወጣው ቁጠባ አብዛኛው ወደዚህ ይግባ፤ ድግሱን በአብዛኛው የደብተሩ ብድር ይሸከም።

4. ለድግሱ የምታስቀምጡትን ሁሉ በብር አታቆዩት።

ባንክ ለቁጠባ የሚከፍለው ዝቅተኛ ወለድ በ2010 7 በመቶ ተደርጎ ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ አልፎ ነበር። 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ይዞ ገበያ ሲወጣ፣ አምና በ10,000 ይሸመት የነበረው ዕቃ 13,000 ገብቶ ይጠብቀዋል። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ዘይቱም ስኳሩም እንዴት እንደሆነ አንቺው ሆቴል ውስጥ ሆነሽ አይተሻል።

ስለዚህ የሚቆየውን ዕቃ በወቅቱ ግዙ። ማር ከአደይ አበባ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ይቆረጣል፤ የዚያን ጊዜ ያዙት፣ ለጠጁ ይቆያል። ገብስና ስንዴ አዝመራው በተሰበሰበ ማግስት ይረክሳል፣ ክረምት ሲገባ ይወደዳል፤ ሠርጋችሁ ለከርሞ ከሆነ የድግሱን ገብስ ዘንድሮ ገበያው በሞላበት ሸምቱ። የደባርቅ ብርድ እህል ያቆያል፣ ግን ነቀዙን እያያችሁ። ጌሾ ደርቆ ይቀመጣል። ቅቤ ተነጥሮ ይቆያል። «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ለማን ሆነና፤ በርበሬውን በወቅቱ ገዝታችሁ አስቀንጥሱት።

በግ የሚገዛው ደግሞ በሁዳዴ ነው። ሥጋ የሚፈልግ በሌለበት ሰሞን፣ መኖ የቸገረው ገበሬ እየነዳ ይወጣል። በገና፣ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ዋዜማ በግ የሚገዛ ባለሠርግ ለሰነፍ የተቆረጠ ቅጣት እየከፈለ ነው። ደባርቅ ማሰሪያ ቦታ ከሌለሽ ጃናሞራ ወይም በየዳ ላለ ዘመድ የርቢ ስጪ፦ እናቲቱ የአንቺ ሆና ትቆያለች፣ ውላጁ እኩል ይከፈላል። ሁለት እናት በግ ዘንድሮ ለርቢ ከተሰጡ፣ እግዜር ካለ፣ የሚዜዎቹ ምሳ ከውላጁ ይወጣል። ውሉ ግን በሰው ፊት ይሁን፤ «ቀበሮ በላው» የሚባል ነገር አለ።

ያላችሁንም ሁሉ አንድ ቦታ አትከምሩ። በጦርነቱ ጊዜ፣ ነሐሴ 2013 መጨረሻ ላይ፣ ዳባት ወረዳ ጭና ውስጥ ስንት ሰው እንደተገደለ አገር ያውቃል፤ ከሞት የተረፈውም ከብቱ ታርዶ፣ ቤቱ ተዘርፎ ነው የጠበቀው። ከዚያ በፊት በ2012 ኮሮና ቱሪስቱን አስቀርቶ ነበር። እዚህ አገር ቁጠባ ማለት ጥቂቱን በባንክ፣ ጥቂቱን በበረት፣ ጥቂቱን በሰው እጅ ማድረግ ነው።

5. እቁብ ግቡ፣ ግን ዙሩን ቆጥራችሁ ግቡ።

እቁብ ሲደርስሽ መጀመሪያ ከሆነ ያለ ወለድ ተበድረሻል፤ መጨረሻ ከሆነ ያለ ወለድ አበድረሻል። ለሠርግ የሚሆነው መሐሉ ነው፤ የበግና የማር ገበያ ላይ ቢደርስ። ዕጣ ስለሆነ በፈለግሽው ቀን አይወጣም፤ ስለዚህ ስትገቢ ለዳኛውና ለጸሐፊው ሠርግ እንዳለሽ ተናገሪ። ደህና እቁብ ጉዳይ ላለበት ሰው ቅድሚያ ይሰጣል፤ ካልሆነም ዕጣ የወጣለትን ለምኖ መለዋወጥ ይቻላል። ዙሩ ከሠርጉ በኋላ የሚያልቅ ከሆነ ግን በመልስ ማግስት እቁብ እየከፈላችሁ ትዳር ትጀምራላችሁ። ይህ ደግሞ ጭቅጭቅ ነው፤ አዲስ ቤት ውስጥ የመጀመሪያው ጠብ ስለ እቁብ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሁለታችሁም አንድ እቁብ አትግቡ። የአንዱ ገቢ ቢቋረጥ ሌላው ይደርስለታል፤ ሁለታችሁም በአንድ ዳኛ ፊት ብታፍሩ ግን ዋሶቻችሁም ያፍራሉ።

6. ለሠርግ ብር ብሎ ሁመራ ወይም መተማ ሰሊጥ አጨዳ ልውረድ ካለሽ አታቻኩዪው። ብሩ ጥሩ ነው፣ ከደጋ ለወረደ ልጅ ግን ወባውና ካላዛሩ ከዚያው ይጠብቀዋል። ካላዛር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፤ ጥቅምት ላይ የተነደፈ ሰው ትኩሳቱና የሆዱ እብጠት ወራት ቆይቶ ሊነሣ ይችላል። መሄዱ ካልቀረ አጎበር ይዞ ይሂድ፣ ተመልሶም ትኩሳት ከቆየበት «ደክሞኝ ነው» ሳይል ይመርመር። የጥይቱንም ነገር አስቡበት፤ መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም አይደለም።

7. የአምቢኮውን ድግስ በአምቢኮ ልክ አድርጉት።

የእሱ ዘመዶች እዚያ ናቸው፤ ቅልቅሉ እዚያ መሆኑ አይቀርም። አምቢኮ ማለት ራስ ዳሽን ለሚወጡ ሰዎች የመጨረሻ ማደሪያ ነው፣ ከጭሮ ለባ ወርደሽ መሸሃን ተሻግረሽ ትወጪያለሽ። የቢራ ሳጥን በበቅሎ ጀርባ እዚያ ሲደርስ የጭነቱ ዋጋ ከቢራው ሊበልጥ ይችላል። እዚያ የሚጠጣው የገብስ ጠላና አረቄ ይሁን፤ ገብሱ እዚያው ይበቅላል፣ ጠማቂዎቹም እዚያው አሉ። ደባርቅ ላይ ለሆቴል ጓደኞችሽ ያዘጋጀሽውን ሁሉ እዚያ ልድገመው አትበዪ። የአምቢኮ ሰው ለስላሳ ስላልቀረበለት አይቀየምም፤ ጠላው ከቀጠነ ነው የሚቀየመው። እሱ ደግሞ የበቅሎ ጓደኞች አሉት፤ ጭነቱን በተራ እንዲያግዙት አሁኑኑ ይንገራቸው፣ ብድሩን በእነሱ ሠርግ ይመልሳል።

8. ቬሎ ተከራዪ፣ አትግዢ። ቪዲዮውን አንድ ሰው ያንሳው። በሠርግ መኪና ቁጥር የተባረከ ትዳር አላየሁም፤ መንገዱ ደግሞ ከደባርቅ ገበያ እስከ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ በእግር ብትሄዱ ሰውም ባያችሁ ነበር።

9. ማን ምን እንዳስቀመጠ በጽሑፍ ይሁን።

ይህን ስትሰሚ «ሳንጋባ መለያየት ታስቢልናለሽ?» እንደምትዪ አውቃለሁ። የጎንደር አባቶች በሰማንያ ሲጋቡ እኮ የወንዱም የሴቲቱም ወገን ያመጣው ከብትና እህል በሽማግሌ ፊት ይቆጠር ነበር፤ ማንም ነውር አላለውም። ሕጉም ከዚህ አይርቅም። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 79/1995፣ ሁለታችሁም 18 ዓመት የሞላችሁ መሆን አለባችሁ፤ ከጋብቻ በፊት ያፈራችሁት የግላችሁ፣ በጋብቻ ውስጥ የምታፈሩት ደግሞ የጋራችሁ ነው። ከጋብቻ በፊት አንድ ሒሳብ ውስጥ ያደባለቃችሁትን ገንዘብ ግን የማን እንደነበር ማስረጃ ከሌለ ዳኛም አያወጣውም። የጋራ ሒሳብ ክፈቱ፣ በሁለት ፊርማ ብቻ የሚወጣ ይሁን፣ ማን በየትኛው ወር ስንት እንዳስገባ አንድ ወረቀት ላይ ይያዝ። በጎቹም፣ የርቢውም ውል እዚያው ይጻፍ። በጋብቻው ውል ውስጥም በምስክሮቻችሁ ፊት አስገቡት። ስልክ ላይ ያለ ቴሌብር የጋራ ሒሳብ አይደለም፤ የባለስልኩ ነው።

10. ዳሱ ሳይፈርስ ሒሳቡን ዝጉ።

በር ላይ የሚጽፈው ልጅ የማይጠጣ ይሁን። ከእሱ ጋር ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሰው ይቀመጥ፣ ማታ ሲቆጠርም አብረው ይቁጠሩ። በዚያ ሌሊት ከሚመጣው ብር ላይ «ለሁለት ቀን አበድሩኝ» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ መልስ የሚሰጡላችሁ እናቶቻችሁ ወይም አክስቶቻችሁ ይሁኑ፤ እናንተ ሙሽሮች ናችሁ፣ ብር አትነኩም። ብሩ መጀመሪያ ለበሬው ቀሪ ዕዳ፣ ቀጥሎ የእቁብ ቀሪ ካለ ለእሱ፣ የተረፈው ለጎጆው ሒሳብ ይግባ። የመጣው መጠን ከነስሙ ለሁለታችሁም በየራሳችሁ ይገልበጥ፤ ከዚህ በኋላ በየሰው ሠርግ የምትመልሱት እናንተ ናችሁ፣ ደብተሩ አንድ ብቻ ከሆነና ከጠፋ ማን ምን እንዳመጣ አታውቁም። የእድሩ ድስትና አግዳሚ በማግስቱ ተቆጥሮ ይመለስ፤ የተሰበረ ካለ ዋጋውን ባልሽ ወስዶ ለእድሩ ጸሐፊ ይክፈል፣ ደረሰኙንም ተቀብሎ ይምጣ።