ከጉና ራስ እስከ ጣና ዳር፦ የዩኒቨርሲቲዎች የውኃ ምርምርና የአጥቢያችን ድርሻ



በክረምት ወራት በገሳይ በኩል ያለፈ ሰው ከጉና ተራራ የሚወርዱት ጅረቶች አፈር ተሸክመው ደፍርሰው ያያል። ያ ውኃ ወደ ርብና ወደ ጉማራ ገብቶ፣ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይደርሳል፤ ከጣናም በዓባይ አድርጎ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ ይወርዳል። ቀደም ባለው ዘመን ከኢትዮጵያ ደጋ የሚሄደው ደለል ከፊሉ እስከ ሜዲትራኒያን ባሕር ድረስ ይዘልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአስዋን ታላቅ ግድብ ጎርፉን ሲገታ፣ በወንዙ መዳረሻ የሚገኘው የሰርዲን ዓሣ ምርት በእጅጉ መውደቁን የባሕር ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ዓሣው የሚመገባቸው ጥቃቅን ፍጥረታት ጎርፉ በሚያመጣው ንጥረ ነገር ይራቡ ነበርና።

ስለዚህ ባሕርና ደጋ የሚለያዩ መስለው ቢታዩም በአንድ ውኃ የተያያዙ ናቸው። በዚህ ትምህርት ዩኒቨርሲቲዎች ባሕርንና ሐይቅን ለመጠበቅ፣ የአየር ንብረትንም ለማወቅ ምን እንደሚሠሩ፣ የእኛስ አጥቢያ በዚህ ሥራ ምን ድርሻ እንዳለው እንመለከታለን።

፩. ዝናባችንና ባሕሩ

የክረምት ዝናባችን እርጥበት ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከአትላንቲክና ከኮንጎ ተፋሰስ በነፋስ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ሩቁ የፓስፊክ ውቅያኖስም ድርሻ አለው። በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የፓስፊክ ውኃ ከልማዱ በላይ ሲሞቅ ኤል ኒኞ የሚባለው ሁኔታ ይፈጠራል፤ በዚህም ጊዜ የሰሜኑና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት ብዙ ጊዜ ይሳሳል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የደረሰው ይኸው ነበር። በተከታዩ ዓመት አስቸኳይ የምግብ ርዳታ የሚያስፈልገው ወገናችን ከ10 ሚሊዮን በላይ መሆኑ መገለጡን ሁላችንም እናስታውሳለን።

በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎችና የሜትዎሮሎጂ ተቋማት የባሕርን ሙቀት በመርከብ፣ በተንሳፋፊ መሣሪያና በሳተላይት ይለካሉ። የአገራችን የክረምት ትንበያም ከሚነሣባቸው መረጃዎች አንዱ ይህ ልኬት ነው። በሰኔ ዘሩን የሚመርጥ ገበሬ ፈጥኖ የሚደርሰውን ገብስ ይዝራ ወይስ የተለመደውን የሚለው ጥያቄ፣ ሳያውቀው በሩቅ ባሕር ላይ ከተደረገ ልኬት ጋር ይያያዛል።

የሐይቁ ወለልም ራሱን የቻለ መዝገብ ነው። ወንዞች የሚያመጡት ጭቃ በየዓመቱ አንዱ በአንዱ ላይ እየተነባበረ ይቀመጣል። በዌልስ የሚገኘው የአበሪስትዊዝ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሄንሪ ላምብና ባልደረቦቹ ከጣና ወለል የጭቃ ዐምድ በቱቦ አውጥተው መርምረው፣ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተሙ። በእነርሱ ስሌት ከ15 ሺህ ዓመት በፊት በነበረው ዘመን ጣና ደርቆ ነበር፤ ጊዜውም ሰሜን አትላንቲክ እጅግ ከቀዘቀዘበት ዘመን ጋር ይቀራረባል። የዘመኑን ስሌት ለባለሙያዎቹ ብንተወው እንኳ፣ ጣና የማይደርቅ ውኃ አለመሆኑ ለእኛ በቂ ትምህርት ነው። ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ይህ ሐይቅ ጥልቀቱ እጅግ በሚበዛበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በላዩ ደለል በተጨመረ ቁጥር የሚጠበው ይህ ጥልቀት ነው።

፪. ዓሣውና መረቡ

በ1978 ዓ.ም. ገደማ በጣና የዓሣ ሀብት ልማት ፕሮግራም ተጀመረ። ቤተ ክርስቲያናችንም የተሳተፈችበት ይህ ፕሮግራም የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ አስገባ። በደንገል ታንኳ ከዳር ሳይርቅ ያጠምድ የነበረው ሰው ወደ ሐይቁ መካከልና ወደ ወንዞች አፍ ለመድረስ ቻለ፤ ገቢውም ተሻሻለ። ዓላማው በጎ እንደነበረ አያጠራጥርም።

በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ የዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር የሐይቁን ዓሦች ማጥናት ያዙ። ሊዮ ናኸልከርከና ፈርዲናንድ ሲቢንግ፣ ዓሣ አጥማጁ በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚለው ላቤኦባርበስ አንድ ዓይነት ሳይሆን 15 ያህል ዓይነት መሆኑንና እነዚህም በዓለም ከጣና በቀር በሌላ ስፍራ እንደማይገኙ አሳዩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በክረምት ከሐይቁ ወጥተው ወደ ጉማራና ወደ መሰል ወንዞች ሽቅብ ይጓዛሉ፤ ዕንቁላላቸውንም ጥሩ ውኃ በሚፈስበት በጠጠር ላይ ይጥላሉ። መረቡ ግን በዚያው ወቅት በወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸው ነበር። በ10 ዓመት ገደማ ውስጥ የእነዚህ ዓሦች ክምችት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎቹ አስታወቁ። ምክራቸውም በመራቢያው ወራት የወንዝ አፎች ከመረብ እንዲጠበቁ ነው።

ከዚህ የምንማረው፣ የልማት ሥራ በበጎ ፈቃድ ብቻ እንደማይጸና ነው። ጀልባው ከመምጣቱ በፊት የዓሣው የመራቢያ ጊዜና ስፍራ ታውቆ ቢሆን ኖሮ ገቢውም ዓሣውም አብረው ሊጠበቁ በቻሉ ነበር። ጥናት ከልማት በፊት ሊቀድም፣ ከልማት በኋላም ሊከተል ይገባዋል።

፫. የደጋው ደን ለሐይቁ

ለዓሣው ጠጠር፣ ለሐይቁ ጥልቀት የሚተርፈው አፈሩ በደጋ ሲቀር ነው። በእርሻና በግጦሽ መካከል ዛፍ ጠብቀው የቆዩት በአብዛኛው የአብያተ ክርስቲያናት ቅጽሮች ናቸው። በ«እመጓ» መጽሐፋቸው ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት የደቡብ ጎንደርን የቤተ ክርስቲያን ደኖች የሚመለከት ነበር። በ28 ደኖች 168 የእንጨትነት ጠባይ ያላቸው ዕፀዋት ተመዝግበዋል።

ይኸው ምርምር አንድ አሳሳቢ ነገርም አመለከተ። እንደ ወይራ፣ ጥድና ጥቁር እንጨት ያሉት ትልልቅ ዛፎች ቆመው ቢታዩም፣ ከብት በሚገባበት ደን ሥራቸው የበቀለው ችግኝ ይበላል፣ ይረገጣልም። አረጋውያን ብቻ ያሉበት፣ ሕፃን የማይታይበት ቤት እንደ ማለት ነው፤ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ምትክ አይኖረውም። ከብት በተከለከለበት ስፍራ ግን ችግኙ ይጸናል። ከዚያ ወዲህ ዶክተር ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር በመተባበር በርካታ አጥቢያዎች ደናቸውን በድንጋይ እንዲያጥሩ አግዘዋል። ድንጋዩ ከአካባቢው ማሳ ስለሚለቀም የገበሬውም መሬት ለማረሻ ይመቻል።

በቅርባችን ያለው የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም የጉና ጣና የተቀናጀ የመስክ ምርምርና ልማት ማዕከል አለው፤ ስሙ ራሱ ተራራውንና ሐይቁን ያስተሳስራል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በበኩሉ በዓሣ ሀብት፣ በውኃና ጣናን በወረረው በእምቦጭ ላይ ምርምር ያደርጋል። እምቦጭ በጣና ከታወቀ ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ የተስፋፋው፣ ከተሸረሸረ መሬትና ከማዳበሪያ ታጥቦ የሚመጣው ንጥረ ነገር ስለሚመግበው ጭምር ነው። ስለዚህ እምቦጭን በሐይቁ ላይ ብቻ ነቅሎ መጨረስ አይቻልም፤ ምግቡ የሚነሣው ከእኛው ዳገት ነው።

፬. ከአጥቢያው የሚጠበቀው

ዩኒቨርሲቲ መሣሪያና ዕውቀት አለው። አጥቢያ ደግሞ ተመራማሪው ከሄደ በኋላም በስፍራው ይቀራል። ሁለቱን ለማገናኘት የሚከተሉትን አራት ነገሮች እንመክራለን።

አንደኛ፣ ቅጽሩ ይታጠር። የገንዘብ አቅም በሌለበት በዓመት አንድ ወገን ብቻ ቢታጠር እንኳ ይጠቅማል። ለመግቢያ አንድ ወይም ሁለት በር ይተው፤ በሩ እንዲዘጋም ተረኛ ይመደብ።

ሁለተኛ፣ ለተመራማሪ ፈቃድ ሲሰጥ ውል ይኑር። ተማሪው ወይም መምህሩ ዛፍ ቆጥሮ፣ አፈር ወስዶ፣ ካህናቱን ጠይቆ ከሄደ በኋላ ወረቀቱ በውጭ ቋንቋ ታትሞ ሲቀር፣ አጥቢያው ስለ ራሱ ደን የተጻፈውን ሳያነብ ይኖራል። ስለዚህ ሰበካ ጉባኤው ገና ፈቃዱን ሲሰጥ፣ የጥናቱ ውጤት በአማርኛ በ2 ገጽ ተጽፎ እንዲደርሰውና በጉባኤ ፊት እንዲነበብ ይጠይቅ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ለዩኒቨርሲቲውም ክብር ነው።

ሦስተኛ፣ ዝናብ ይለካ። በየማለዳው የማይጠፋና መጻፍ የሚያውቅ ሰው እንደ ቤተ ክርስቲያን ያለበት ስፍራ በገጠር ጥቂት ነው። ከሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት ወይም ከዩኒቨርሲቲ ጋር በመነጋገር የዝናብ መለኪያ ተቀብሎ፣ ከዛፍና ከጣሪያ ርቆ በገላጣ ስፍራ መትከል ይቻላል። አንድ ዲያቆን በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት አንብቦ በመዝገብ ይጻፍ፤ ዝናብ ያልዘነበበትም ቀን «0» ተብሎ ይጻፍ እንጂ ባዶ አይተው። 1 ሚሊ ሜትር ማለት በ1 ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሊትር ውኃ ማለት ነው። የ10 ዓመት ያልተቋረጠ መዝገብ ከውጭ ተገዝቶ የማይገኝ ሀብት ነው።

አራተኛ፣ በቆላው ወገን በወንዝና በሐይቅ ዳር ያላችሁ አጥቢያዎች፣ ከሐምሌ እስከ መስከረም በወንዝ አፍ ላይ መረብ እንዳይዘረጋ ዓሣ አጥማጁን ምከሩ። በደጋ የሚታጠረው ደንና በቆላ የሚታቀበው መረብ አንድ ሥራ ናቸው።

፭. ለውይይት

በሚቀጥለው የሰበካ ጉባኤ ስብሰባ በእነዚህ ጥያቄዎች እንድትወያዩ እናሳስባለን። በቅጽራችን ከጉልበት በታች የሆነ የወይራ ወይም የጥድ ችግኝ አለን? ከሌለ ስለ ምን? ባለፉት ዓመታት በደናችን ምርምር ያደረገ ማን ነው? ውጤቱስ ደርሶናል? የእኛ ውኃ በየትኛው ጅረት ወርዶ የት ይገባል? ስለ ውኃው የምንመክረው ከማን ጋር ነው?

የሦስተኛውን ጥያቄ መልስ ለማግኘት ሽማግሌዎችንና እረኞችን ጠይቁ፤ የጅረቱን ስም እስከ ወንዙ ድረስ እየተከተላችሁ ጻፉ። መንገዱ በወረቀት ላይ ሲሰፍር በገሳይ ዳገት የቀረች አንዲት ቁና አፈር ለጣና ዓሣ ምን ማለት እንደሆነች ከማንም ይልቅ ለራሳችሁ ግልጽ ይሆንላችኋል።