ስለ ዋልካ መሬትና ስለ ተቀበረ ቧንቧ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ በብዙ ሥፍራ ያለው መሬት ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በውስጡ የተቀበረ ቧንቧም አብሮ ከፍ ዝቅ ሲል መጋጠሚያው ይላቀቃል፤ ሠፈሩ ውኃ ያጣል። የፈሰሰውም ውኃ ዋልካውን ይብሱን ያሳብጠዋል።

በካናዳ አስቸጋሪው በረዶ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ዓ.ም. ከኖርማን ዌልስ ተነሥቶ 869 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው የነዳጅ ቧንቧ፥ በአያሌ ሥፍራ ዓመቱን ሙሉ በበረዶ በጠነከረ አፈር ውስጥ ተቀብሯል። አፈሩ ከቀለጠ ይሰምጣልና ሙቀቱ ይለካል።

ለዋልካ ግን የሚለካው ከፍታ ነው። በቧንቧው ላይ ዘንግ ይተከላል፤ አፈሩ እንዳይዘው በሰፊ ቱቦ ይከለላል። ጫፉ በግንቦትና በመስከረም ይለካል። መነሻው ምልክት ዋልካ ላይ ከቆመ እሱም ያብጣልና ቧንቧው ያልተነቃነቀ ይመስላል፤ ስለዚህ የምልክቱ መሠረት ከዋልካው በታች ካለው ዓለት መድረስ አለበት።