የቦርድ አባልነትና የሚያስከትለው ኀላፊነት

ማኅበር ምን እንደ ሆነ ለኢትዮጵያዊ ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ነው። ሰፈሩ ሁሉ እድር አለው፤ እድሩም ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በ404ኛው አንቀጽ ማኅበርን ሲተረጕም፣ ትርፍ ከማግኘትና ከመከፋፈል ውጭ ለሆነ ዓላማ ሁለት ወይም ከዚያ የበለጡ ሰዎች የሚያቋቍሙት ስብስብ ነው ይላል።

ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ትርጓሜ ነው። የንግድ ኩባንያ ባለአክሲዮን ትርፉ ሲጐድልበት ራሱ ይጮኻል። ትርፍ በማይከፋፈልበት ማኅበር ግን ማን ይጩኽ? ገንዘቡን የሰጠው ለጋስ ሩቅ ነው፤ ርዳታው የተሰበሰበለት ወላጅ አልባ ሕፃንም ሒሳቡን አይቶት አያውቅም። በነዚህ ሰዎች ፈንታ እንዲጠይቅ የተቀመጠው ቦርዱ ነው።

ቦርድ ሥራ አስኪያጁን ይሾማል፤ በጀት ያጸድቃል፤ ሪፖርት ይቀበላል፤ ሥራው ከመተዳደሪያ ደንቡ እንዳይወጣ ይጠብቃል። እርሳስና ወረቀት መግዛት ግን የሱ ሥራ አይደለም፤ የሥራ አስኪያጁን ወንበር ከያዘ ሥራ አስኪያጁን ማን ሊጠይቀው ነው?

አንድ ምሳሌ እንመልከት። የአንድ ማኅበር ሒሳብ በባንክ 120,000 ብር አለ ተብሎ ለቦርዱ ቢነገር ሁሉም ደስ ብሎት ያጨበጭባል። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ 100,000 ብሩ ለትምህርት ቤት ማሠሪያ ብቻ እንዲውል የተሰጠ ከሆነ ማኅበሩ እንደ ልቡ የሚያዝዘው 20,000 ብር ብቻ ነው። ኪራይና ደመወዝ በየወሩ 15,000 ብር የሚፈጁ ቢሆን፣ ያ ሀብታም የመሰለው ማኅበር ሁለት ወር እንኳ አይዘልቅም። «ከዚህ ገንዘብ ስንቱ የተመደበ ነው?» የሚል አንድ ሰው ካልተገኘ የትምህርት ቤቱ ገንዘብ ደመወዝ ሆኖ ያልቃል፤ ማንም ሳይሰርቀው ማለት ነው።

ሕግም የራሱን ገደብ አበጅቷል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 የአስተዳደር ወጪ ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር፤ እሱን የተካው የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1113 ወደ 20 በመቶ ዝቅ አደረገው። ሆኖም የቀረው 80 በመቶ ለፍሬ መዋሉን አዋጅ አይነግረንም።

በበኩሌ የሚበልጠው እንቅፋት ሕግ አለማወቅ አይመስለኝም፤ ይሉኝታ ነው። ሊቀ መንበሩ በዕድሜ አባት የሚሆኑ ሰው ናቸው፤ ገንዘብ ያዡም የታወቁ ጨዋ ናቸው፤ ስለዚህ «ደረሰኙ የት አለ?» ማለት እንደ ስድብ ይቈጠራል። ነገር ግን ደረሰኝ ከማንም በፊት የሚጠብቀው ገንዘብ ያዡን ነው፤ ሐሜት ሲነሣ አውጥተው የሚያሳዩት እሱን ነውና። የሒሳብ ጥያቄ በየስብሰባው ቋሚ አጀንዳ ከሆነ የሚቀየም ሰው አይኖርም። ለስሙ ማማር ብቻ ተመርጦ በዓመት አንድ ቀን ብቅ የሚለውን ትልቅ ሰው ግን በክብር አባልነት ማመስገን ይበቃል፤ ወንበሩ ለሚመጣ ሰው ይሰጥ።

የጥቅም ግጭትም እንዲሁ በሥነ ሥርዐት ይፈታል። የአንድ አባል ወንድም ለማኅበሩ ደብተር ለመሸጥ ዋጋ ቢያቀርብ፣ አባሉ ዝምድናውን አስቀድሞ ይናገራል፤ የሌሎች ነጋዴዎች ዋጋም ይጠየቃል፤ ውይይቱና ድምፁ እስኪያልቅ አባሉ ከክፍሉ ይወጣል። ጸሐፊውም መውጣቱን በቃለ ጉባኤው ይመዘግባል።