መግቦት በኬፕ ሜልቪል ቋጥኞች

የዛሬው ትምህርታችን ስለ እግዚአብሔር መግቦት ነው። መግቦት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እንጀራችንን፣ የክረምቱን ዝናምና የልጆቻችንን ጤና ነው። ስሕተት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። ሰው በማይደርስበት ስፍራ ያለውንስ ማን ይመግበዋል?

በአውስትራሊያ ሰሜን ምሥራቅ፣ በኩዊንስላንድ ግዛት፣ ኬፕ ሜልቪል የሚባል ተራራማ ምድር አለ። ዳገቱ መኪናና ቤት በሚያካክሉ ጥቋቁር የግራናይት ቋጥኞች ተሸፍኗል። አናቱ ላይ ግን ጥቂት እርጥብ ደን ቀርቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ኮንራድ ሆስኪን የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በሄሊኮፕተር ወጥቶ፣ ሳይንስ የማያውቃትን ባለ ቅጠል ጅራት እንሽላሊት እዚያ አገኘ።

እስቲ ቀረብ ብለን እንያት። ርዝመቷ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ጅራቷ እንደ ደረቅ ቅጠል ጠፍጣፋ፣ እግሮቿ ቀጫጭንና ረጃጅም፣ ዐይኖቿም ለጨለማ የተዘጋጁ ትልልቅ ናቸው። ቀን በቋጥኞቹ መካከል ተሸሽጋ ትውላለች። ሲመሽ ወጥታ አለት ወይም ግንድ ላይ ራሷን ቁልቁል አድርጋ ትለጠፍና ነፍሳትና ሸረሪት እስኪያልፉ ትጠብቃለች። ከዚህ ተራራ ውጭ የትም አልተገኘችም።

እንዴት ተረፈች? ጥንት ሰፊ የነበረው ደን አየሩ ሲደርቅ ተመናመነ። ቋጥኞቹ ግን ቅዝቃዜና እርጥበት በውስጣቸው ያዙ፤ ሰደድ እሳትንም ከለከሉ። እስራኤልን በመና የመገበ አምላክ ይህችን በድንጋይ ጠበቃት።

“ታዲያ ለእኛ ምን ትጠቅመናለች?” የሚል ይኖራል። ጥያቄው ነውር የለበትም። አባቶቻችን ግን ፍጥረት ሁሉ ለምግበ ሥጋ ብቻ እንዳልሆነ፣ ለአንክሮና ለተዘክሮ የተፈጠረም እንዳለ ያስተምራሉ። በምድር የሚንቀሳቀሱት በዕለተ ዓርብ ሲፈጠሩ አዳም ገና አልነበረም። እግዚአብሔርም ኢዮብን የጠየቀው ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ስለሚያዘንበው ዝናም ነው። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ጥቅሟን ሳናውቅ ማድነቅ የሚከብደን ሁሉን በገበያ ዋጋ መመዘን ስለለመድን ነው።

አዳምም ገነትን የተቀበለው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው፤ እኛም የእርሱ ልጆች ነን። ኬፕ ሜልቪል ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ የአውስትራሊያ ሕግም የአገሩን እንሽላሊት በሕይወት ወደ ውጭ ልኮ መነገድን ይከለክላል። ይሁንና ብርቅ እንስሳትን በድብቅ የሚያሻግሩ ነጋዴዎች አሉ። በስደት ባላችሁበት አገር እንዲህ ያለ እንሽላሊት ለሽያጭ ቀርቦ ብታዩ አትግዙ፤ ልጆቻችሁም እንዳይገዙ ንገሯቸው።