ከዘጠኝ ለባዶ እስከ ዋንጫ

አንድ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ድል ያደረገበት ዘመን ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያወራው ስለ ዋንጫው ነው። ከዋንጫው በፊት ስለ ነበሩት የሽንፈት ዓመታት የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ለዘንድሮው መጽሔታችን የመረጥሁትም ርእስ ይኸው ነው፤ ይኸውም የኢትዮጵያ ብሔራዊ የእግር ኳስ ቡድን በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካን ዋንጫ እንዴት እንደ ወሰደ፣ ከዚያም ታሪክ እኛ ተማሪዎች ምን ልንማር እንደምንችል መመርመር ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍሁት በእኛ አቆጣጠር ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ወደ 1949 ዓ.ም. መመለስ ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ኢትዮጵያ፣ ግብፅ፣ ሱዳንና ደቡብ አፍሪካ የአፍሪካን የእግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ከተማ መሠረቱ፤ የመጀመሪያውም የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው ከተማ ተደረገ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አልልክም በማለቷ ከውድድሩ ስለ ወጣች፣ ከእርሷ ጋር ሊጋጠም የነበረው የኢትዮጵያ ቡድን አንድ ጨዋታ እንኳ ሳያደርግ ለፍጻሜ ደረሰ። በፍጻሜው ግን ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈችው። አራቱንም ጎሎች ያገባው አድ ዲባ የሚባል አንድ ተጫዋች ነበር።

ሁለተኛው ውድድር በ1951 ዓ.ም. በካይሮ ሲደረግ የተካፈሉት ሦስት አገሮች ብቻ ነበሩ። በዚያም ግብፅ እንደ ገና 4 ለ 0፣ ሱዳን ደግሞ 1 ለ 0 አሸነፉን። እንግዲህ ሒሳቡን እናውጣ። በሁለት ውድድሮች ቡድናችን ሦስት ጨዋታ አድርጎ ዘጠኝ ጎል ገባበት፤ እርሱ ግን አንድም ጎል አላገባም። በዚያን ጊዜ አንድ ሰው ተነሥቶ «ከሦስት ዓመት በኋላ ዋንጫው የኢትዮጵያ ይሆናል» ቢል ኖሮ፣ የሚስቅበት እንጂ የሚያምነው ባላገኘ ነበር።

ኢትዮጵያ ግን ከውድድር አልሸሸችም። ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ በገዛ ዋና ከተማዋ አዘጋጀች። ጊዜው የ1954 ዓ.ም. የጥምቀት ሰሞን ነበር። ተወዳዳሪዎቹ ኢትዮጵያ፣ ቱኒዚያ፣ ግብፅና ዩጋንዳ ሲሆኑ፣ ጨዋታው የተደረገው በዚያን ዘመን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ይባል በነበረው በአዲስ አበባ ስታዲየም ነው። ቡድኑን ይመሩ የነበሩት በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት የተማሩት፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድንም የተጫወቱት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። እርሳቸውም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በ1979 ዓ.ም. እስከ ዐረፉ ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የአሥመራ ልጅ ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣልያናዊ ነበሩ። የፋሺስት ጦር ከአገራችን ከተባረረ ገና ሃያ ዓመት ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ አባቱ ጣልያናዊ የሆነ ወጣት የኢትዮጵያ ቡድን አምበል መሆኑ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ቡድኑ የሰበሰበው መጫወት የሚችለውን ሰው ነውና። ወንድሙ ኢታሎ፣ የጎንደር ተወላጅ የሆነው መንግሥቱ ወርቁና ግርማ ተክሌም ከእርሱ ጋር ተሰልፈዋል።

እሑድ ጥር 6 ቀን የመጀመሪያው ጨዋታ ከቱኒዚያ ጋር ሆነ። ቱኒዚያ ሁለት ጎል አግብታ 2 ለ 0 መራች። ያለፉትን ሦስት ጨዋታዎች ያየ ሰው «ያው የቀድሞው ነገር ነው» ሳይል አይቀርም። ነገር ግን ቡድናችን ተመልሶ አራት ጎል አገባና 4 ለ 2 አሸነፈ።

የፍጻሜው ጨዋታ ደግሞ የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ እሑድ ጥር 13 ቀን ነበር። ተጋጣሚያችን ሁለት ጊዜ አራት አራት ጎል ያገባችብንና ያለፉትን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችው ግብፅ ናት። አሁንም ቀድማ ጎል ያገባች እርሷ ነበረች። ከዕረፍት በኋላ ግርማ ተክሌ አገባና እኩል ሆኑ፤ ወዲያውም ግብፅ ሁለተኛውን ጨመረች። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት ሉቺያኖ አግብቶ 2 ለ 2 ሆነ፤ ሠላሳ ደቂቃም ተጨመረ። በተጨመረው ሰዓት በመጀመሪያ ኢታሎ፣ በመጨረሻ መንግሥቱ ወርቁ አገቡና ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ዋንጫውን ለአምበሉ ሰጡት።

አሁን ወደ ጥያቄው እንምጣ። በሦስት ጨዋታ አንድ ጎል ያላገባ ቡድን በሁለት ጨዋታ ስምንት ጎል ሊያገባ የቻለው በምን ምክንያት ነው?

አንዳንድ ሰዎች ምክንያቱ የአገር አየር ነው ይላሉ። አነጋገሩ መሠረት አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስትሆን፣ ካይሮና ቱኒስ ግን ከባሕሩ ወለል ብዙም አይርቁም። በሳይንስ ትምህርታችን እንዳየነው፣ ወደ ላይ በወጣን መጠን የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ በአንድ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባውም ኦክሲጅን ያንሳል። እኛ የደብረ ማርቆስ ልጆች በ2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስናድግ ስለ ለመድነው አይታወቀንም። ቆላ አድጎ ወደ ደጋ የወጣ ሰው ግን ጥቂት ሲሮጥ ትንፋሽ ያጥረዋል። ስለዚህ በተጨመረው ሠላሳ ደቂቃ እንግዶቹ ይበልጥ ደክመው ሊሆን ይችላል። በገዛ ሕዝብ ፊት መጫወትም ብርታት ይሰጣል።

ዳሩ ግን አንድን ምክንያት በቂ ነው ከማለት በፊት በሌላ ጊዜ ደግሞ መፈተን ተገቢ ነው። በ1960 ዓ.ም. ውድድሩ እንደ ገና በአገራችን ተደረገ። ቡድናችን ሦስቱን የምድብ ጨዋታዎች አሸንፎ ለግማሽ ፍጻሜ ደረሰ፤ በዚያም አዲስ አበባ ላይ፣ በዚያው ቀጭን አየር፣ በተጨመረ ሰዓት በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተሸነፈ። በ1968 ዓ.ም. ለሦስተኛ ጊዜ አዘጋጅተን ከምድባችን እንኳ ማለፍ አልቻልንም። አየሩ ያው ነበር፤ ተመልካቹም የገዛ ሕዝባችን ነበር። እንግዲህ አየርና ሜዳ ይረዳሉ እንጂ ዋንጫ አይሰጡም።

በእኔ አስተያየት ዋናው ምክንያት ከውጤቱ ራሱ ይነበባል። በ1954 ዓ.ም. ቡድናችን ሦስት ጊዜ ተመርቷል፤ በቱኒዚያ ሁለት ለባዶ፣ በግብፅ አንድ ለባዶ፣ እንደ ገናም ሁለት ለአንድ። ሦስቱንም ጊዜ ተመልሷል። መመራትን እንደ መጨረሻ ያልቆጠረ ቡድን ነበር ማለት ነው። ዘጠኙ ጎል የገባባት አገር የታላላቆቹን ቡድኖች አጨዋወት በሩቁ ሳይሆን ፊት ለፊት ቆማ አይታዋለች። የጎጃም ገበሬ ጤፍ የሚዘራበትን መሬት ደጋግሞ ያርሳል፤ አዝመራውን ብቻ ያየ ሰው ያንን ሁሉ እርሻ አያውቀውም። 1949 እና 1951 ዓ.ም. የእርሻው ዓመታት ነበሩ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን ነበር፤ ግን አላለቀም። ዋንጫው ከ1954 ዓ.ም. ወዲህ ወደ አገራችን አልተመለሰም። ከ1974ቱ ውድድር በኋላ ቡድናችን ለሠላሳ አንድ ዓመት በአፍሪካ ዋንጫ ላይ አልታየም። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ በሱዳን 5 ለ 3 ከተሸነፈ በኋላ በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸንፎ ያለፈበት ቀን የተደሰትነው ስለዚህ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ድል አንድ ጊዜ ከመጣ በኋላ በራሱ ጸንቶ የሚኖር ነገር አለመሆኑን ነው። ያሸነፉት ሰዎች ያረጃሉ፤ ከበታቻቸው የሚተካ ካላደገ ሜዳው ባዶ ይቀራል።

ይህ ነገር ለእኛም ቅርብ ነው። በክፍሎች መካከል በሚደረገው ውድድር ብዙ ጊዜ የማየው፣ አንድ ቡድን በመጀመሪያው ጨዋታ ሲሸነፍ አምበሉን መሻር፣ እርስ በርስ መካሰስ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ግማሹ አለመምጣት ነው። የገና ጨዋታ ቡድን ለዕለቱ ተቧድኖ ማታ ቢበተን ወጉ ነው፤ ለዓመት የሚወዳደር ቡድን ግን እንዲህ ሊሆን አይገባውም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቡድን ደብተር ይያዝ፤ ጎሉ በየትኛው ደቂቃ፣ በማን ጥፋት ሳይሆን በምን ምክንያት እንደ ገባ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የተሸነፈ ቡድን ቢያንስ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አይበተን። ሦስተኛ፣ የ12ኛ ክፍል ተጫዋቾች ትምህርታቸውን ጨርሰው ከመሄዳቸው በፊት ከ9ኛ ክፍል ልጆች መርጠው ያሠልጥኑ።

ወላጆቻችንንም የምለምነው አለኝ። ልጃችሁ ከሜዳ ተሸንፎ ሲመጣ «ኳስ ምን ይሠራልሃል?» ከማለት ይልቅ «ምን ተማርህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ይህ ጥያቄ ፈተና ለወደቀ ተማሪም ይሆናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ዘጠኝ ለባዶ የተሸነፈ ሁሉ ዋንጫ ይወስዳል ባይባልም፣ ከሽንፈቱ በኋላ ወደ ሜዳ ያልተመለሰ ግን መቼም ሊወስድ አይችልም።