«ካንሰር የሚበላ ቫይረስ አለ» አሉን

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከሐረር፣ ከጀጎል ውስጥ ነው። አባቴ 68 ዓመታቸው ነው፤ በወጣትነታቸው የአስቤስቶስ ጣሪያ በመጋዝ እየቆረጡ ይገጥሙ ነበር። ሳንባቸው ውሃ ቋጥሮ ሁለት ጊዜ ተቀዳላቸው፤ የቲቢ መድኃኒትም ጨረሱ፣ አልተሻላቸውም። ናሙና ሲወሰድ ሜሶቴሊዮማ የሚባል ካንሰር ነው ተባለ። ውጭ ያለ ዘመዳችን ካንሰሩን የሚበላ ቫይረስ ተገኝቷል ይለናል። ቤታችንን ሸጠን እንውሰዳቸው?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ቤቱን አትሽጡ፤ ምክንያቱን ልንገርሽ።

ዘመዳችሁ አልዋሸም። በ1971 እ.ኤ.አ. ዑጋንዳ ውስጥ በርኪት ሊምፎማ የሚባል ካንሰር የያዘው ሕፃን ኩፍኝ ሲወጣበት ዕጢው መክሰሙን ሐኪሞች ጽፈዋል። ጤነኛ ሴል ቫይረስ ሲገባበት ጎረቤቱን ያስጠነቅቃል፣ በሩን ይዘጋል። ብዙ የሜሶቴሊዮማ ሴሎች ግን ይህን የማስጠንቀቂያ አቅም አጥተዋል፤ ቫይረሱ እንደ ልቡ ገብቶ ይራባል፣ ሴሉን ያፈነዳዋል። የፈነዳው ፍርስራሽ ደግሞ የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲያውቀው ያደርጋል። ሜሶቴሊዮማ ለዚህ የሚመች የሆነው ብዙውን ጊዜ በሳንባ ሽፋን ላይ ስለሚወጣ ነው፤ ውሃው በሚቀዳበት ቱቦ ቫይረሱን በቀጥታ ማስገባት ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ የኩፍኝ ክትባት ቫይረስ፣ እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ የተዳከመ የሄርፒስ ቫይረስ በዚሁ መንገድ ተሞክረዋል።

ግን ሙከራ ናቸው፤ በጥቂት ሕመምተኞች ላይ፣ በዋናነት ጉዳት እንደማያስከትሉ ለማየት። በ2015 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የፈቀደችው የሄርፒስ ቫይረስ ሕክምና ሜላኖማ ለተባለ የቆዳ ካንሰር ነው። ለሜሶቴሊዮማ የተፈቀደ ቫይረስ የለም፤ እውነተኛ ሙከራ ደግሞ መድኃኒቱን ለሕመምተኛ አይሸጥም። ገንዘብ አምጡ የሚል ካለ ሽሹት። ልጆችንም ኩፍኝ ይያዛቸው እንዳትሉ፤ በተፈጥሮ የሚይዘው ኩፍኝና ላቦራቶሪ የገራው አንድ አይደሉም፣ ክትባቱ ይቀጥል።

አባትሽ የሚያገኙት ሕክምና ምንድን ነው? ሲስፕላቲንና ፔሜትሬክሴድ የተባሉት መድኃኒቶች ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዋና ሕክምና ናቸው፤ በሽታውን ያዘገያሉ እንጂ አያድኑም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሰውነት መከላከያን የሚያነቁ መድኃኒቶች መጥተዋል፣ ዋጋቸው ግን የብዙ ቤተሰብ አቅም አይችለውም። እዚያው ሐረር በሕይወት ፋና ሆስፒታል የካንሰር ሕክምና ክፍል አለ፤ ከሐኪሞቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ። ውሃው እንዳይመለስ ማድረግ፣ ሕመሙን በሞርፊን ማስታገስ፣ ትንፋሽ ማቅለል ትልቅ ሕክምና ነው። በአገራችን «ሌላ የለም» ሲባል እነዚህን የሚረሳ ብዙ ሰው አይቻለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ስለ ቲቢው፦ ሐኪሞቹ ያለ ምክንያት አልጀመሩም፤ በእኛ አገር ሳንባ ውሃ ሲቋጥር መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲቢ ነው። ነገር ግን መድኃኒቱ ተጨርሶ ውሃው ሲመለስ «ከ30 ዓመት በፊት ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይገባል፤ አስቤስቶስ ሜሶቴሊዮማን የሚያመጣው ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነውና።

የአባትሽ የሥራ ጓደኞች በሕይወት ካሉ ይህን ንገሪያቸው፤ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲሰማቸው ሐኪሙ ከመመርመሩ በፊት ሥራቸውን ይንገሩት። አሮጌ የአስቤስቶስ ጣሪያ የሚያነሳም ካለ በውሃ አርሶ ሳይሰብር ያንሳው፤ በደረቁ አይቁረጥ፣ አቧራውንም በመጥረጊያ አይጥረግ። የሥራ ልብሱን ቤት ወስዶ ለሚስቱ ለእጥበት አይስጥ።