ባሕር ሲመሽበት

ባለፈው እሑድ ከትምህርት በኋላ አንዲት ታናሽ እኅታችን «ባሕር ማታ ይተኛል ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔም «ከጨለመበትማ ምን ይሠራል!» ብዬ በሳቅ አለፍኳት። መልሴ ስሕተት ነበርና በዚህች ገጽ ላርመው።

ለጌጃ ሰፈር ልጅ ባሕር ሩቅ ነው። ቢሾፍቱ ግን አረንጓዴ ሐይቅ አለልን። ውሃው ሶዳ የበዛበት ሲሆን፣ ቀለሙን የሚሰጡት በዓይን የማይለዩ ዋቅላሚዎች ናቸው፤ ስፒሩሊና የተባለውም ከእነርሱ አንዱ ነው። ብዛታቸው ብርሃኑን ስለሚውጠው ከአንድ ሜትር በታች ጨለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ታሊንግና ሦስት ባልደረቦቹ የውሃ ዋቅላሚ ምርት እስከ ምን ሊደርስ እንደሚችል ያሳዩት በዚህና በኪሎሌ ሐይቅ ነው።

እኔም በዚያ ሐይቅ አንድ ጊዜ አፍሬአለሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ከውሃው ገጽ ቀድተን ኦክስጂኑን ለካን፤ እጅግ ብዙ ነበር። «ይህ ውሃ ኦክስጂን የሞላበት ነው» ብዬ ጻፍኩ። መምህራችን ወረቀቱን መለሱልኝና «ንጋት 12 ሰዓት ላይ ሂድና እንደገና ለካ» አሉኝ። ብሄድ ያ ሁሉ ኦክስጂን የለም። ዋቅላሚ ቀን በብርሃን አስተጻምሮ ኦክስጂን ይሠራል፤ ሌሊት ግን ሥራው ይቆማል፣ መተንፈሱ አይቆምም። በዚያ ላይ የደጋው ሌሊት የላይኛውን ውሃ ያቀዘቅዘዋል፤ የቀዘቀዘውም ይከብድና ወደ ታች ሰምጦ ከሥረኛው ጋር ይደባለቃል። (የእኛ የሰዓት አቆጣጠር ለዋቅላሚ ይስማማዋል፤ ቀኑን የሚጀምረው እንደ እኛው ከፀሐይ ጋር ነው።)

በሰፊው ውቅያኖስ ደግሞ ብርሃን ከዚህ ብዙ ጠልቆ ይገባል። ዋቅላሚው በብርሃኑ ይኖራል፤ እርሱን የሚበሉት ጥቃቅን እንስሳት ግን ብርሃኑን ይፈሩታል፣ ዓሣ ያያቸዋላ! ስለዚህ ቀን በጨለማው ጥልቀት ይሸሸጋሉ፣ ሲመሽ ለመብላት ይወጣሉ፣ ሳይነጋ ይመለሳሉ። ከሩዝ ፍሬ የምታንስ ፍጥረት በአንድ ሌሊት በመቶ የሚቆጠር ሜትር ወጥታ ትወርዳለች። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ሌሊት እንኳ ብዙዎቹ ወደ ላይ መቅረብን አይደፍሩም።

ይህ ጉዞ መርከበኞችን ሳይቀር አሳስቷል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ድምፅ ወደ ውሃ እየላኩ ጥልቀት ሲለኩ፣ ከእውነተኛው ወለል በላይ ሌላ ወለል የሚመስል ነገር ያገኙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ማርቲን ጆንሰን የተባለው የባሕር ሊቅ በካሊፎርኒያ ጠረፍ ያን «ወለል» ሌሊቱን ተከታተለው። ሲመሽ ወደ ላይ ወጣ፣ ሲነጋም ወረደ። ወለል ሳይሆን የሚንቀሳቀስ የእንስሳት መንጋ ነበር።

እንግዲህ ታናሽ እኅቴ፣ ለጥያቄሽ መልሱ ይኸውልሽ። ዛሬ ማታ 12 ሰዓት ላይ እናትሽ «ግቢ፣ መሽቷል!» ብለው ሲጠሩሽ፣ በቀይ ባሕር ጥልቀት ያሉት ገና መውጣት እየጀመሩ ነው።